አድማ ይመታል፣ ሰልፍ ይወጣል

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤ ስይዝ አንዱ «ሰልፍ እንምታ» ይላል፤ ሌላው «ሕዝባዊ እምቢተኝነት ብለህ ጻፍ» ይለኛል። ከ«አድማ» ጋር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። በግሱ እንጀምር፦ አድማ ይመታል፣ ሰልፍ ይወጣል ወይም ይደረጋል። «ሰልፍ መታን» አማርኛ አይደለም።

ሰልፍ ዱሮ የጦር አሰላለፍ ነበርና «ሰላማዊ» የሚለው ቅጽል ያለ ምክንያት አልተጨመረበትም። ዛሬም ብቻውን ያሻማል፤ ደሴ ፒያሳ ላይ ሆኖ «ሰልፍ ላይ ነኝ» የሚል ሰው ታክሲ እየጠበቀ ይሆናል።

አድማ ከ«አደመ» የመጣ ነው፤ ተመሳጥሮ መስማማት። ዛሬ የሚሰጡትን ነገር በኅብረት መንፈግ ማለት ነው፦ ጉልበትን፣ ገንዘብን። በየካቲት 1966 ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ፣ መምህራን መንግሥት ባቀረበው የትምህርት ዕቅድ የተነሣ ሥራ ያቆሙት አድማ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 12 ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ የወጡት ግን ሰልፍ ነው። «አድማ በታኝ» የሚባለው ፖሊስ ብዙ ጊዜ የሚበትነው ሰልፍ መሆኑ ነገሩን ሳያደበላልቀው አልቀረም።

መንፈጉ የማን እንደሆነ ካልተነገረም ዓረፍተ ነገሩ ይሳሳታል። አሜሪካ ውስጥ የተደረገው «የሞንጎመሪ የአውቶቡስ አድማ» ሲባል ሾፌሮቹ ሥራ ያቆሙ ይመስላል፤ ለ381 ቀናት አልሳፈርም ያሉት ግን ጥቁር ተሳፋሪዎች ናቸው። «አውቶቡስ ያለመሳፈር አድማ» ይሻላል።

እምቢተኝነት ከሁለቱም ይለያል፤ ፍትሕ የጎደለውን ሕግ በአደባባይ፣ ቅጣቱን ለመቀበል ተዘጋጅቶ መጣስ ነው። ጋንዲ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1930 ሕንድ ውስጥ ከሳባርማቲ ተነሥቶ 385 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ያደረገው ሰልፍ ነበር። ሚያዝያ 6 ዳንዲ ባሕር ዳርቻ ጎንበስ ብሎ የእንግሊዝ ቅኝ መንግሥት ብቻውን የያዘውን ጨው ሲያነሣ ግን እምቢተኝነት ሆነ። አባላችሁ ይህን ቃል የፈለገው ለግርማው ከሆነ ይቅር፤ ሕግ እንጥሳለን ብሎ መፈረም ነውና።

ለእናንተ ቃሉ ሥነ ሥርዓቱንም ይወስናል። የሥራ ማቆም አድማ ከሆነ፣ ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት፤ ማስጠንቀቂያውም 10 ቀን ቀድሞ ይሰጣል። ሰላማዊ ሰልፍ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት 48 ሰዓት ቀድሞ በጽሑፍ ለከተማው አስተዳደር ይነገራል። «ሰልፍ» ብላችሁ ጽፋችሁ በሥራ ሰዓት ማሽን ካቆማችሁ፣ አሠሪው «ሕገወጥ አድማ» የሚልበትን ቀዳዳ ራሳችሁ ከፈታችሁ ማለት ነው።

በሰልፉ ደብዳቤ ላይ «ፈቃድ እንዲሰጠን እንጠይቃለን» አይበሉ። አዋጁ የሚፈልገው ማሳወቅን ነው፤ «እናሳውቃለን» ብለው ዓላማውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ያስከትሉ።