ደሴት ስታጠኑ ወደቡን አትዝለሉት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ለምታጠኑ ተማሪዎችና አዲስ ባለሙያዎች ነው። እኛ የአየር ፎቶ በስቴሪዮስኮፕ (ጥንድ ፎቶን ከፍታና ዝቅታው እንዲታይ በሚያደርግ መነጽር) እያየን ዓይናችንን ጨርሰናል። እናንተ የሁለት ዘመን የሳተላይት ምስል አነባብራችሁ ስንት ሄክታር ደን እንደጠፋ በአንድ ከሰዓት ታወጣላችሁ። ጥሩ ነው፣ እሰየው! ትንሽ ደሴት ላይ ግን ይህ ዘዴ ጉድ ይሠራችኋል።

ጣናን እንውሰድ። ላንድሳት በሚባሉት ሳተላይቶች ምስል ላይ አንዷ ነጥብ 30 በ30 ሜትር ናት። 10 ሄክታር የሆነች ደሴት ከመቶ ትንሽ የሚበልጡ ነጥቦች ብቻ ይደርሷታል። ከእነሱም ግማሽ የሚጠጉት ዳር ላይ ስለሚውሉ ውኃና መሬት ይቀላቀልባቸዋል። ኮምፒውተሩ አንዷን ደን፣ ሌላዋን ረግረግ እያለ ይቀጥላል።

ሐይቁም ቢሆን አንድ ቦታ አይረጋም። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል። ግንቦት ላይ ይሸሻል። ገበሬው ደግሞ ባሕር ሸሹን ተከትሎ ይዘራል። የጥቅምትን ምስል ከሌላ ዓመት ግንቦት ጋር ካወዳደራችሁ «እርሻ ተስፋፋ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ በእውነቱ ግን የሸሸው ውኃው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ የውኃ መቆጣጠሪያው ከተሠራ ወዲህ የሐይቁን ከፍታ የሚወስነው ዝናብ ብቻ አለመሆኑንም አትርሱ። ስለዚህ የምስሉን ዓመት ብቻ ሳይሆን ወሩንም እዩ።

ከዚህ የሚከብደው ምክንያቱን ማግኘት ነው። «የሕዝብ ቁጥር ጨመረ፣ ደን ተመነጠረ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር በየመመረቂያ ጽሑፉ አለች። እኔ ሰልችታኛለች። የጣና ደሴቶቹ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ በዛፍ የተሸፈኑት ገዳም ስለሆኑ ነው። ትልቋ ደሴት ደቅ ግን ገበሬ ይኖርባታል፤ ይታረሳል፣ ይዘራል፣ ማንጎና ቡና ይተከላል። ዘጌ (ደሴት እንዳልሆነች አውቃለሁ፣ ግን ጎረቤት ናት) በገዳሙ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ሆኖ በመኖሩ ቡናው በደን ጥላ ሥር አደገ። ሐይቁ አንድ ነው፣ ዝናቡም ያው ነው። የለያያቸው ደንብ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅም የገዳማቱን የእርሻ መሬት ከእጃቸው አውጥቶታል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ዛፍ ግን ቆየ። አዋጅ ከሳተላይት አይታይም። ቄሱንና አዛውንቱን ቁጭ ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ከዚያ ወደቡ ላይ ቁሙ። ደሴት ላይ የሚተከለው ነገር በጀልባ መጫን መቻል አለበት፤ ገዢው ማዶ ነው። የደንገል ታንኳ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ በቀስታ ባሕር ዳር ይደርሳል፣ ማገዶ ቢዘገይም አይበላሽም። ማንጎ ግን ይበላሻል። ሞተር ጀልባ በሌለበት ለገበያ ብሎ ማንጎ የሚተክል ሰው ጥቂት ነው። ጀልባው ሲፈጥን ማሳው ይለወጣል። ከተማዋ ስታድግም ማሳው ይለወጣል፣ የማዶ ሰው ሆድና ኪስ ነው የሚያዘው።

ነገሩ የጣና ብቻ አይደለም። ፓስፊክ ውስጥ ያለችው ናውሩ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። ፎስፌቷ የሌላ አገር እርሻ ሊያዳብር ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በመርከብ ተጫነ። ዛሬ የደሴቷ መሃል አብዛኛው ተቆፍሮ የቀረ ሹል ድንጋይ ነው፣ ሰው የሚኖረው ዳር ዳሩን ነው።

አንድ የመስክ ነገር ልጨምር። ክብራንና ዳጋ ሴት አያስገቡም። ሴት ባልደረባ ካላችሁ ጀልባ ላይ ትታችኋት አትውረዱ። ደቅ ላይ ትሥራ፤ የጓሮውን ተክልና የገበያውን ዋጋ የሚያውቁት እናቶች ለእሷ የሚነግሯትን ለእናንተ አይነግሯችሁም። ማስታወሻዋ ላይ ምን እንደተጫነ፣ ወዴት እንደሄደ፣ ዋጋው ስንት እንደነበር ትጻፍ። ወሩንም ጭምር።