«እማማስ ምን ሆኑ?» — ጌም ለምትሠሩ ልጆች

ባለፈው ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር አንድ ልጅ «ጋሼ፣ የምሠራው ጌም ስንት መጨረሻ ቢኖረው ይሻላል?» ብሎ ጻፈልኝ። እሱ የጠየቀኝ ቁጥር ነው። እኔን ግን የድሮ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ።

ደሴ እያለሁ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ማታ ማታ አንዲት ትንሽ ጌም እንሠራ ነበር። ተጫዋቹ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከደሴ እህል ጭኖ፣ ሐረጎን ወርዶ፣ ኮምቦልቻ ያራግፋል። ጉም አለ፣ ጠመዝማዛ አለ፣ ፍሬን ይግላል። መሀል ላይ አንዲት እናት ሸክማቸውን መሬት አስቀምጠው እጃቸውን ያነሳሉ። ከጫንካቸው ትዘገያለህ፣ ነጋዴውም ከኪራይህ ይቆርጣል። ካለፍካቸው ገንዘብህ ሙሉ ነው።

የጓደኛዬን ታናሽ ወንድም አስቀምጠን አስሞከርነው። አለፋቸው። ትንሽ እንደሄደ ግን ፍሬን ያዘ፣ ወደ ኋላ ሊመለስ ሞከረ፣ ጌሙ አይፈቅድም። ኮምቦልቻ ሲደርስ «እንኳን ደህና ገባህ» የሚል ጽሑፍ ከነሂሳቡ መጣ። አለቀ። ልጁ እጁን ከኪቦርዱ አላነሳም። «እማማስ ምን ሆኑ?» አለን። ተያየን። እሱ መንገዱን ሙሉ ሲያስባቸው ነበር፤ የኛ መጨረሻ ግን ሴትዮዋን ጭራሽ አያውቃቸውም።

ጓደኛዬ ሌሊቱን አዲስ መጨረሻ ጀመረ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ጎማ ይፈነዳል። ጎሚስታው ወጣት ልጅ ነው። ቡሎን እየፈታ በየመሀሉ ቀና እያለ የሐረጎን መንገድ ያያል፤ እናቱን እየጠበቀ ነው። ለሹፌሩ ምንም አይነግረውም። ይህ ሳያልቅ የ2014ቱ ጦርነት ደሴ ደረሰ። ስንመለስ ኮምፒውተሩ የለም። ጓደኛዬም አገር ለቆ ሄደ። ያ ጎሚስታ ማንም ሳያየው መቅረቱ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ማስ ኢፌክት 3 የሚባለው ጌም በፈረንጆቹ 2012 ሲወጣ ተጫዋቹ ያመረረው ለዚሁ ነው። በሦስት ጌም ስንቱን ወስኖ ከመጣ በኋላ፣ ያገኛቸው መጨረሻዎች በአብዛኛው በቀለም ብቻ የሚለያዩ መሰሉት። ጌሙን የሠራው ባዮዌር በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተጨማሪ ትዕይንት በነጻ ለቀቀ። በፈረንጆቹ 2001 የወጣው ሳይለንት ሂል 2 የተባለው ጌም ደግሞ አማራጭ አይደረድርላችሁም። ስትቆስሉ ቶሎ ትታከማላችሁ ወይስ ከነቁስላችሁ ትዞራላችሁ፣ ጌሙ ውስጥ ያገኛችሁትን ቢላዋ እያወጣችሁ ታያላችሁ ወይ፣ እሱን ታዝቦ መጨረሻችሁን ይወስናል።

የፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ነበር። ፒያሳ ጌም ቤት ሂሳቡ በሰዓት ነው፣ ወረፋው ሁሉ ለኳስ። የደረሰበትን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ ካርድ የሌለው፣ መብራት ከሄደ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። ስለዚህ መጨረሻ ማየት ትልቅ ነገር ነበር። እናንተ መጨረሻውን ዩቲዩብ ላይ አይታችሁ «ተጫውቼዋለሁ» ትላላችሁ። ይህን አልወደውም። ሰው ሳይወስን ያየው መጨረሻ የሱ አይደለም።

ይህን ሁሉ ብዬም፣ አንድ መጨረሻ ብቻ ኖሯቸው ከብዙዎቹ የምመርጣቸው ጌሞች አሉ። ምርጫ ስላለ ብቻ ጌም ጥሩ አይሆንም።

እና የኔ ልጅ፣ ቁጥሩን ለጊዜው ተወው። ጌምህን ለማያውቀው ሰው ስጠውና ዝም ብለህ እይ። ወደ ኋላ ሊመለስ የሚሞክርበትን ቦታ መዝግብ፣ መጨረሻህን ከዚያ ጀምረህ ጻፍ። ቅዳሜ ከሰዓት ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ላፕቶፕህን ቻርጅ አድርገህ ና፣ እኔ ልጫወተው።