የልጁ ጥርስ መበለዝና የአባት ወገብ፦ ከውሃው ይሆን?

መቂ ያለሽው እህቴ፣ «የልጄ ጥርስ ቡኒ ሆኖ በቀለ፣ አባቴም ወገባቸው አልታጠፍ ብሏቸዋል፤ ከምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ያደግኩት እንደ መቂ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለችው ወንጂ ነው። በደንብ ሊሆን ይችላል።

ልጁን «ጥርስህን ስለማትፍቅ ነው» ብለሽ እንዳትቆጪው። የስምጥ ሸለቆ አለት የእሳተ ገሞራ ስለሆነ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይለቃል። ጥርስ ከድድ ሥር ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ፍሎራይድ ከበዛበት በልዞ ይወጣል። ቡሩሽ አያስለቅቀውም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ አጥንቱ ነው፤ የበዛ ፍሎራይድ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትንም ይጎዳል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጥቷል። አባቴም አንዱ ነበር። ከኋላው ሲጠሩት አንገቱን ማዞር ስለማይችል መላ ሰውነቱን ይዞ ይዞር ነበር። የጫማውን ክር የምናስርለት እኛ ነን። ቁርጥማት ነው እየተባለ ማስታገሻ ሲውጥ ኖረ፤ ነገሩ የታወቀው ራጅ ሲነሳ ነው። ሲብስ አጥንቱ ሕብለ ሰረሰርን ተጭኖ እግር ያሰንፋል። የጎዳውን የሚመልስ መድኃኒት የለም። የወገብ ሕመም ሁሉ ከውሃ አይመጣም፤ ስለዚህ አባትሽን ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። የት አካባቢ፣ ስንት ዓመት የጉድጓድ ውሃ እንደጠጡ ሳትነግሪው እንዳትወጪ።

ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ ይበዛል። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪንም ለዚህ አይሠራም።

ደግነቱ የሚጎዳው ወደ አፍ የሚገባው ነው። ለልብስና ለገላ ያንኑ ተጠቀሚ። ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለቡና፣ ለሊጥ ግን ሌላ ውሃ ፈልጊ። ክረምት ላይ የጣሪያ ውሃ አጠራቅሚ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን አጥቦ ይሂድ። ከከብት አጥንት በተሠራ ከሰል የሚያጣራ ማጣሪያ በአካባቢው ካለ እሱ ፍሎራይድን ይይዛል፤ ከሰሉ በጊዜው መቀየር አለበት። ውሃው ለሁሉም ካልበቃ ለትንንሾቹ ይቅደም፤ የእነሱ ጥርስ ገና እየተሠራ ነው።

ነገ ዛሬ ሳትዪ የከተማውን ውሃ ጽሕፈት ቤት የጉድጓዱን የፍሎራይድ መጠን ጠይቂ። «ንጹሕ ነው» ቢሉሽ አትመለሺ፣ ጀርም የሌለው ውሃም ፍሎራይድ ሊኖረው ይችላል። ቁጥሩን ይንገሩሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከ3 በላይ ከሆነ ለአጥንትም ያሰጋል። ስታገኚው እዚህ ጻፊልን፣ የመቂ ልጆች ሌሎችም አሉ።