«እኔስ የትኛው ነኝ?» አለኝ

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

እናቴ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሁኔታዬን አይታ ጫፉ ቀጭን የሆነ ጥቁር ብዕርና ትንንሽ ወረቀቶች ሰጠችኝ፤ ዜንታንግል የሚባለውን የአሳሳል ዘዴም አሳየችኝ። ነጥብ፣ መስመር፣ ቅስትና ክብ እየደጋገሙ ወረቀቱን በንድፍ መሙላት ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «መሳል አልችልም» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ቁጭ ብዬ ስስል ግን ትከሻዬ ይላላል፣ ትንፋሼ ይረጋጋል፣ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደም አላውቀው። ብዙ ሌሊት ያሳለፍኩት በዚህ ነው።

እየቆየ ሲሄድ ከሰው የተማርኳቸው ንድፎች አልበቃ አሉኝና የራሴን መፍጠር ጀመርኩ። ለቅርብ ሰዎቼ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አወጣሁላቸው። የእናቴ ከአንድ ግንድ ወጥተው የሚተቃቀፉ ቅጠሎች ናቸው፤ እነሱን ስስል አጠገቤ ያለች ይመስለኛል። የልብ ጓደኛዬ አንዱ በአንዱ ላይ የሚንከባለሉ ትንንሽ ክቦች ነች፤ ስስላት ሳላስበው ፈገግ እላለሁ። ታላቅ እህቴ ግን ሌላ ነገር ሆነችብኝ። እናታችን ታማ ሳለች ማን አስታመመ፣ ማን ቀረ በሚል ተጋጭተን እስከ ዛሬ አንነጋገርም። የእሷ ንድፍ ጥቁር አራት ማዕዘን ድንጋዮች የተደረደሩበት ግድግዳ ሆኖ ወጣ።

በቅርቡ ባለቤቴ ደብተሬን አንስቶ ሲያገላብጥ «በጣም ያምራል» አለኝ። ደስ ብሎኝ የማን ንድፍ የቱ እንደሆነ እየነገርኩት ሳለ «እኔስ የትኛው ነኝ?» ሲል ጠየቀኝ። አሳየሁት። ጎን ለጎን ሆነው ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ፣ የትም ቦታ የማይገናኙ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ትንሽ አየውና ደብተሩን ዘግቶ አስቀመጠው። አልተቆጣም፣ ቃልም አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ግን ስስል ሲያየኝ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል።

አሁን ብዕሩን ሳነሳ እጄ ይከብደኛል። ደብተሩን ልደብቀው? ለባለቤቴ ሌላ የሚያምር ንድፍ ልሥራለት? ደግሞም የእህቴን ገጽ በሠራሁ ቁጥር እንደ ሌላው ከመረጋጋት ይልቅ ውስጤ የሚነደው ለምንድን ነው? አንዳንዴ ያንን ገጽ ፎቶ አንስቼ ልላክላት፣ ያደረገችኝን ትየው እላለሁ። ምክርዎን እጠብቃለሁ።

እጇ የከበዳት


ውድ እህቴ፣

እናትሽን ነፍስ ይማር፤ ለአንቺም መጽናናቱን ይስጥሽ።

ከባለቤትሽ እጀምራለሁ። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር ያዘኝ። የእናትሽን ቅጠሎች ስትስዪ ምን እንደሚሰማሽ ጽፈሽልኛል፤ የጓደኛሽን ክቦች ስትስዪ ፈገግ እንደምትዪም ነግረሽኛል። ስለ ባለቤትሽ መስመሮች ግን የነገርሽኝ ቅርጻቸውን ብቻ ነው። ምን ማለት እንደሆኑ፣ ምን ተሰምቶሽ እንደሳልሻቸው አላወቅሁም። እሱም አላወቀም። ያየው የማይገናኙ መስመሮችን ነው፤ የቀረውን የሞላው በራሱ ስጋት ነው።

ጎን ለጎን የሚሄድ መስመር ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። በሐዘንሽ ወቅት አንድም ቃል ሳይናገር አብሮሽ የተጓዘ ሰው ሊሆን ይችላል። በአንድ ቤት እየኖሩ መራራቅም ሊሆን ይችላል። የቱ እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ምናልባት ገና ለራስሽም ግልጽ አልሆነልሽ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ለብቻሽ ቁጭ በይና ያንን ገጽ አውጥተሽ እዪው። ከዚያ ባለቤትሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ በአፍሽ ንገሪው። ነገሩ የመጀመሪያው ከሆነ ደስታውን አስቢው። ሁለተኛው ከሆነም ይህን ከአንቺ አንደበት መስማቱ ከወረቀት ላይ ከመገመት ይሻለዋል። «እኔስ የትኛው ነኝ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ልብሽ ውስጥ ያለውን ቦታ የሚፈልግ ሰው ነው፤ ግድ ባይሰጠው «ያምራል» ብሎ ያልፍ ነበር።

የሚያምር ንድፍ ሠርተሽ አትስጪው። ማባበያ መሆኑ ይገባዋል፤ አንቺም በደብተርሽ ላይ ያለሽን እምነት ታጫለሽ። አንድ ገጽ የአንድ ምሽት ስሜት ነው። በመላ ትዳራችሁ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም፤ ይህንንም ንገሪው። ደብተሩን መደበቅም አያስፈልግሽም። ግልጽ አድርገሽ «ይህ የውስጤን የማራግፍበት ነው፤ ማየት ስትፈልግ ጠይቀኝ፣ እኔም ማሳየት የምችለውን አሳይሃለሁ» በዪው። የግል ነገር መኖር አንድ ነገር ነው፣ መሸሸግ ሌላ ነገር ነው፤ ባልና ሚስት ይህን ቢለዩ ብዙ ኩርፊያ ይቀር ነበር።

ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ አንድ ወረቀት ላይ አብራችሁ ሥሩ። እሱ በእርሳስ እንደፈለገው የሚጠማዘዝ አንድ መስመር ይጎትት፤ ወረቀቱ በዚያ ወደ ተለያዩ ክፍሎች ይከፈላል። አንቺ አንዱን ክፍል ሙዪና አቀብዪው፤ እሱም ቀጣዩን ሞልቶ ይመልስልሽ። እስኪያልቅ ድረስ ማንም ትርጉም አይጠይቅ። መሳል አልችልም ካለሽ አንቺ ራስሽ እንደዚያ ትዪ እንደነበር አስታውሺው።

አሁን ወደ እህትሽ ገጽ ልምጣ፤ ጥያቄሽ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ዜንታንግልን የጀመሩት ሪክ ሮበርትስና ማሪያ ቶማስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ማሪያ የጌጠኛ ጽሕፈት ባለሙያ ነበረች። አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ ፊደል ጀርባ ያለውን ቦታ በጥቃቅን ንድፍ ስትሞላ ጊዜውን ረስታ፣ ጭንቀቷም ሁሉ ለቋት ነበር። ይህንን ስትነግረው ለዓመታት በምንኩስና የኖረው ሪክ «የምትገልጪልኝ እኮ ተመስጦን ነው» አላት። ዘዴው የተወለደው ከዚህ ንግግር ነው። ሁለቱ ሆን ብለው ከወሰኑት ነገር አንዱ ንድፎቹ ምንም ነገር እንዳይመስሉ ነበር። ሰውም፣ ዛፍም፣ ቤትም አይደሉም፤ ወረቀቱ ላይና ታች እንኳ የለውም፣ እንደፈለጉ ያዞሩታል። የሚመስለው ነገር ከሌለ «አልመሰለም» ብሎ የሚተች አእምሮ ሥራ ያጣል።

አንቺ እዚህ ላይ ሰዎችን አስገባሽበት። ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ደብተርሽ የራስሽ የሆነው በዚህ ነው። ግን ሥራው ተቀይሯል። ከእናትሽ ቅጠሎች ጋር የሚመጣው ናፍቆት ነው፤ ናፍቆት ደግሞ ከእጅ ጋር በዝግታ መሄድ ይችላል። ከእህትሽ ድንጋዮች ጋር የሚመጣው ክርክር ነው። «እንዲህ ስትለኝ እንዲህ ብላት ኖሮ» እያልሽ ነገር ታመነዥኪያለሽ። የመረጥሽው ንድፍም ለዚህ አመቻችቶሻል፤ አራት ማዕዘንን ጥቁር መቀባት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ከእጅ ግን ምንም ትኩረት አይጠይቅም። እጅሽ በራሱ ሲሠራ ሐሳብሽ ነፃ ይወጣና በቀጥታ ወደ ጠቡ ይሄዳል። የሚያነድሽ ምንጭ ይኸው ነው።

ስለዚህ እህትሽን በምታስቢበት ምሽት እጅሽን ሥራ የሚያስይዝ ንድፍ ምረጪ። ጀማሪዎች ቀድመው ከሚማሯቸው አንዱ የሆነው ግማሽ ጨረቃ ለዚህ ይመቻል። በክፍሉ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ግማሽ ክቦች ትደረድሪያለሽ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ሳትነኪው በእኩል ርቀት በመስመር ትከቢዋለሽ። እንደገና ትከቢዋለሽ፤ መሃሉ እስኪሞላ ድረስ። ርቀቱን እኩል መጠበቅ ሙሉ ዓይንና ሙሉ እጅ ይፈልጋል፤ ለክርክር የሚተርፍ ቦታ አይኖርም። ባለፈው መስመር ላይ የነበረ ትንሽ መንጋደድ በሚቀጥለው እየሰፋ ሲሄድም ታያለሽ። እሱን ተቀበዪው፤ ላጲስ የማይፈቀደው ለዚሁ ነው።

ስሜቱን ደግሞ የት ታስገቢው? በእርሳሱ መስመር ላይ። ከመጀመርሽ በፊት የሰውየዋን ስም ሳይሆን ሰውነትሽን ጠይቂ። ደረቴ ጠቧል? መንጋጋዬ ተጣብቋል? ሆዴ ባዶ ባዶ ይለኛል? ያንን ስሜት ይዘሽ በወረቀቱ ላይ አንድ መስመር በእርሳስ ጎትቺ፤ የተሰበረ ቢሆን፣ የተወሳሰበ ቢሆን፣ አትምረጪ። ስሜቱ በዚያ አንድ መስመር ላይ ቦታውን ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያለው የብዕር ሥራ ነው፣ አንድ መስመር፣ ቀጥሎ ሌላ መስመር። «እህቴ ግድግዳ ናት» ብለሽ ከጀመርሽ ገጹ እስኪያልቅ የምታደርጊው ያንን ፍርድ ማጽናት ብቻ ነው። «ደረቴ ጠቧል» ብለሽ ከጀመርሽ ግን ገጹ ወደ ማታውቂው ነገር ሊሄድ ይችላል።

ወረቀቱን ትንሽ አድርጊው። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ገደማ በዘጠኝ ሳንቲ ሜትር የሆነው የዜንታንግል ወረቀት ልክ በአንድ መቀመጫ እንዲያልቅ ታስቦ ነው፤ ትልቅ ባዶ ገጽ በሐዘን ላይ ላለ ሰው ያስፈራል። በጉዳዩ ላይ የተደረገ ጥናትም አለ። ከሪ እና ካሰር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ባሳተሙት ጥናት 84 ተማሪዎችን ካስጨነቁ በኋላ ለ20 ደቂቃ ቀለም እንዲቀቡ አደረጉ። የክብ ጌጥ ወይም የመረብ ንድፍ የተሰጣቸው ሰዎች ጭንቀታቸው ቀነሰ፤ ባዶ ወረቀት የተሰጣቸው ግን ይህን ያህል አልቀነሰላቸውም። እዚያ የተፈተነው ቀለም መቀባት እንጂ የአንቺ ዓይነቱ ንድፍ አይደለም። ሆኖም አራት ጥግ ላይ አራት ነጥብ አድርገሽ፣ ነጥቦቹን አገናኝተሽ ክፈፍ ስትሠሪ የሚሰማሽን መሰብሰብ ከዚህ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። በዚያው አቆጣጠር በ2016 በታተመ ሌላ ጥናትም 39 አዋቂዎች ለ45 ደቂቃ ያህል የጥበብ ሥራ ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ ከአራት ሦስቱ እጅ የሚሆኑት ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞናቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ቀድሞ ልምድ መኖር አለመኖሩ ለውጥ አላመጣም። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ እንደ መድኃኒት አልቆጥረውም።

አንድ ምልክት ልስጥሽ። የምትጠቀሚበት ብዕር ብዙ ሰው እንደሚመርጠው ፒግማ ማይክሮን ቁጥር 01 ከሆነ መስመሩ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጫፉ መጫን አይወድም፣ ከተጫኑት ይደፈጠጣል። መስመርሽ እየወፈረ ሲሄድ ካየሽ ቁጣው ወደ ጣቶችሽ ወርዷል ማለት ነው። ብዕሩን አንሺ፣ ወረቀቱን አዙሪ፣ ትንፋሽሽን በረጅሙ አውጪና ከሌላ ጥግ ጀምሪ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረሽ ካልላላልሽ ለዚያ ምሽት ተዪው። ሳይጨርሱ መተው ይቻላል።

እንቅልፍ ማጣቱ ግን እስካሁን ካልተሻለሽ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሪ። ብዕር ሌሊቱን ያሻግርሽ ይሆናል፤ ሐዘን ሰውነት ላይ ሲከርም ግን ሌላ እርዳታ ይፈልጋል።

የግድግዳውን ፎቶ ለእህትሽ አትላኪላት። ባለቤትሽ ከአጠገብሽ ሆኖ፣ እየወደደሽ፣ በደህናው ቀን ባየው ንድፍ ይህን ያህል ከተጎዳ፣ ተኳርፋሽ ያለች እህትሽ በስልክ ስክሪን ላይ ጥቁር ግድግዳ ብታይ ምን እንደምትረዳ አስቢው። የሚደርሳት ክስ ነው። የአንቺ ሕመም፣ ያ ሁሉ ሌሊት፣ ከዚያ ጥቁረት ጀርባ ያለው «ለምን ብቻዬን ተውሽኝ?» የሚለው ጥያቄ አይደርሳትም። «ሆድ ይፍጀው» ብለሽ መኖርም አልመክርሽም፤ እስከ ዛሬ ያደረግሽው እሱን ነው፣ አልጠቀመሽም። ደውዪላት። ማን ቀረ፣ ማን አስታመመ የሚለውን በዚያ ቀን አታንሺ። እንዲህ በያት፦ «ከእናታችን በኋላ እንቅልፍ የለኝም። አንቺስ እንዴት ነሽ? ላይሽ እፈልጋለሁ።» ካላነሳች ይህንኑ ጽፈሽ ላኪላት።

መልስ ካልመጣ ጥቂት ሳምንታት ቆይተሽ ደግመሽ ሞክሪ። ዝምታዋን ቶሎ ጥላቻ ነው አትበዪው፤ እሷም ያጣችው እናቷን ነው።

የአምዱ አዘጋጅ