በጣሪያና በአጥር መካከል ያለ ዛፍ በምን ይገረዝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን፣ በግቢዬ ያለው የአቮካዶ ዛፍ በቆርቆሮ ጣሪያውና በጎረቤቴ የግንብ አጥር መካከል አድጎ ቅርንጫፎቹ ሁለቱንም ይነካሉ። እስካሁን በገጀራ ሲቆረጥ ቆይቷል፤ ሆኖም የተቆረጠው ቦታ እየተሰነጠቀ ይደርቃል። ምን ዓይነት የእጅ መሣሪያ ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ገጀራ በሚገባ እንዲቆርጥ ክንድ ተዘርግቶ መሰንዘር አለበት፤ በጣሪያና በግንብ መካከል ግን ለዚያ የሚበቃ ስፍራ ስለሌለ ምቱ አቅጣጫውን ይስታል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከስለቱ አስቀድሞ እጅዎ የሚንቀሳቀስበትን ስፍራ ይመልከቱ።

ለእርስዎ የሚስማማው ስለቱ በትንሹ የጎበጠ፣ ጥርሶቹ ወደ እጀታው ያዘነበሉና ወደ ራስ ሲሳብ የሚቆርጥ ታጣፊ መጋዝ ነው። የስለቱ ርዝመት ከ18 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በቅርንጫፎች መሃል በቀላሉ ይገባል፤ የቀስት ቅርጽ ያለው መጋዝ ግን ብረቱ ከአጠገቡ ካለው ቅርንጫፍ ጋር ስለሚጋጭ አይመችም። እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ለሚወፍሩት የመግረዣ መቀስ ይበቃል። ስለቶቹ ጎን ለጎን የሚተላለፉትን ይምረጡ፤ አንዱ ስለት ጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚያርፍበት ዓይነት እርጥብ እንጨት ስለሚጨፈልቅ ለደረቀ ቅርንጫፍ ብቻ ይሁን። ባለ ረጅም እጀታውን መቀስ አልመክርዎትም፤ እጀታዎቹ ተከፍተው እስኪዘጉ ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉና።

ወፍራም ቅርንጫፍ ከግንዱ አጠገብ በአንድ ጊዜ ከተቆረጠ በክብደቱ ልጡን ገሽልጦ ይወርዳል፤ በእርስዎ ግቢ ደግሞ የሚያርፈው ቆርቆሮው ላይ ነው። ስለሆነም ከበላዩ ካለ ጠንካራ ቅርንጫፍ ጋር በገመድ አስረው፣ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው ከሥር በኩል የውፍረቱን ሲሶ ይገዝግዙት፤ ከዚያ ጥቂት ወደ ውጭ አለፍ ብለው ከላይ ይቁረጡት። የቀረውን ጉቶ ሲያነሡ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ ያለውን እብጠት እንዳይነኩ አደራ እላለሁ፤ ቁስሉን ቀስ በቀስ የሚሸፍነው አዲስ አካል የሚያድገው ከዚያ ነው። አቮካዶ ጥላው በድንገት ሲገፈፍ ልጡን ፀሐይ ስለሚያቃጥለው፣ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መቀነስ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ሽቦ የተጠጋ ቅርንጫፍ ካለ ግን በየትኛውም መሣሪያ ራስዎ አይንኩት፤ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክቱ።