ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ስለ ሠራተኛው እናውራ

ከአሜሪካ መጥታችሁ ሰበታ፣ ገላን ወይም ዱከም ላይ ሼድ (የፋብሪካ አዳራሽ) ተከራይታችሁ ለመሥራት ያሰባችሁ ወገኖች የምትጠይቁኝ ስለ መብራት፣ ስለ ኪራይና ስለ ጉምሩክ ነው። ስለ ሠራተኛ የሚጠይቀኝ የለም ማለት ይቻላል። "ሰው እንደሆነ ሞልቷል" ትላላችሁ። ሰው ሞልቷል። ደህና የሚበይድና የተበላሸ ማሽን የሚያስነሳ ግን እየተነጠቀ ነው የሚሠራው። ጎረቤት ያለው ፋብሪካ ትንሽ ሲጨምርለት በማግስቱ እዚያ ታገኙታላችሁ።

ሕጉም እንደሚወራው ልል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ራሳችሁ አንብቡት፤ የወንድማችሁ ጓደኛ የነገራችሁ አይበቃም። በቃል መቅጠር ይቻላል፤ ግን በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፋችሁና ፈርማችሁ ለሠራተኛው መስጠት አለባችሁ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። አሜሪካ እንደለመዳችሁት "ከነገ ጀምሮ አትምጣ" ማለት ከሙከራ በኋላ አይሠራም። ሕጋዊ ምክንያት ይጠየቃል፤ እንደ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር ነው። ሒሳቡ ላይ የጡረታ 11 በመቶ የእናንተ፣ 7 በመቶ የሠራተኛው መሆኑን ከወዲሁ አስገቡት። የበዓል ቀን ኦቨርታይም ደግሞ በሁለት ተኩል እጥፍ ይታሰባል፤ ለፋሲካ ሰሞን ትዕዛዝ ከመቀበላችሁ በፊት አስቡበት።

አደጋ ላይ አትቀልዱ። ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው፤ ነፃ የሚወጣባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው። ጓንት ገዝቶ ማደል ብቻውን አያድንም። አዲሱን ሴፍቲ ጫማ ለቤተ ክርስቲያን መሄጃ ብሎ ቤቱ አስቀምጦ በነጠላ ጫማ መጋዝ ላይ የሚቆም አለ። አትሳቁ፣ ጥሩ ጫማ ውድ ነው። ቁልፍ ያለው ሎከር አሠሩ፤ ጫማው እዚያው ይደር፣ ጠዋት ሲገቡ ሱፐርቫይዘሩ ይይ።

ሌላው ሰርቪስ ነው። ማታ 2 ሰዓት የምትወጣ ልጅ ከአስፋልቱ እስከ ሰፈሯ ጨለማ ነው፤ ባጃጅም በዚያ ሰዓት ያሻውን ይጠራል። ደመወዝ ጨምራችሁ ሰርቪስ ከምትተዉ፣ ሰርቪሱን አስቀድሙ እላለሁ።

ሙያተኛ የምታገኙት ቅርባችሁ ካለ ፖሊ ቴክኒክ ነው። ሥልጠናው የተወጠነው ተማሪው ከፊሉን ድርጅት ውስጥ እንዲማር ነው፤ ኮሌጆቹም የሚቀበላቸው ድርጅት ይፈልጋሉ። ሄዳችሁ ዲኑን አነጋግሩ፣ ሠልጣኝ ውሰዱ። ከመመረቁ በፊት እጁን ታዩታላችሁ። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) አለኝ ብሎ ለሚመጣም ወረቀቱን ተቀብላችሁ ቁራጭ ብረት ስጡት፣ ይበይድ።

ሠራተኞቻችሁ አሥርና ከዚያ በላይ ከሆኑ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም መብታቸው ነው። ሲያቋቁሙ አትደንግጡ፤ መሪውንም ለማባረር ሰበብ አትፈልጉ። ከሠላሳ ሰው ጋር በየተራ ከመጨቃጨቅ ከተወካይ ጋር ሻይ ጠጥቶ መነጋገር ይቀላል።