መኪና ጭኖ ወደ ትንሽ ደሴት፦ የፌሪ ጥያቄና መልስ

መኪና በሚጭን ፌሪ (ሰውና መኪና በሚያሻግር መርከብ) ወደ ትንሽ ደሴት ልትሄዱ ያሰባችሁ በርከት ብላችኋል። ጥያቄዎቻችሁን አንድ ላይ ልመልስ። ከሁሉ በፊት ግን እቅዳችሁን ከፌሪው የሰዓት ሰሌዳ ጀምሩ። ሆቴል ከፍሎ ፌሪ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ጉድ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከስንት ጊዜ በፊት ትኬት ልያዝ? ቦታ አይጠፋም ይሉኛል።

ለሰው አይጠፋም፣ እውነት ነው። ቶሎ የሚሞላው የመኪናው ወለል ነው። ትንሽ ፌሪ ላይ ሁለት የጭነት መኪና ከገባ የብዙ ቤት መኪና ቦታ ተበላ ማለት ነው። ጉዞህ በትምህርት ቤት እረፍት ወይም በበዓል ሰሞን ከሆነ ሽያጩ እንደተከፈተ ያዝ። ደግሞ የመመለሻውን አስቀድም። መሄጃው ከጠፋ ቤትህ ትቀራለህ፤ መመለሻው ከጠፋ ግን ደሴቱ ላይ ተሰልፈህ «ተጠባባቂ» ትሆናለህ። ተጠባባቂ ማለት፣ ቦታ ከተረፈ ትገባለህ፣ ካልተረፈ ቀጣዩን ጠብቅ ነው።

ጥያቄ፦ ትኬት ስቆርጥ የመኪናውን ርዝመትና ቁመት ይጠይቀኛል። በግምት ብሞላውስ?

እንዳታደርገው። ክፍያው ብዙ ጊዜ በርዝመት ነው። ከኋላ ብስክሌት መስቀያ ካለህ ርዝመቱ ላይ ይደመራል፣ ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላና ዕቃ ከጫንክ ቁመቱ ላይ። ጣሪያው ዝቅ ያለ የመኪና ወለል ያላቸው ፌሪዎች አሉ፤ የሚመድቡህ ባስመዘገብከው ቁመት ነው። ዕቃው ከተጫነ በኋላ ሜትር ይዘህ ውረድና ለካ፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ እኔን የሚያስፈራኝ መጫኑ ነው። በጠባብ ቦታ ወደኋላ ግቢ ቢሉኝስ?

እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነው፤ አፍ አውጥቶ አይናገርም እንጂ። አብዛኞቹ አዳዲስ ፌሪዎች በአንድ ጫፍ አስገብተው በሌላው ያስወጣሉ፤ መዞር የለም። በትንንሾቹ ላይ ግን በኋላ ማርሽ መግባት ሊመጣ ይችላል። ያኔ መስታወቱን ትተሽ እጁን የሚያወናጭፈውን ሠራተኛ እይ። እሱ የሚያይልሽን አንቺ ከውስጥ ሆነሽ አታይውም። መሪውን በምልክቱ አዙሪ፣ መዳፉን ሲዘረጋ ቁሚ። የፊቱ መኪና ጋ ልትደርሺ ስንዝር የቀረሽ እስኪመስልሽ ሊያስጠጋሽ ይችላል፣ አትደንግጪ። ሕፃናትና ወፍራም ሰው ካሉ ሳትገቢ ይውረዱ፤ አንዳንዴ በር የሚከፈተው ለአንድ ቀጭን ሰው ብቻ ነው።

ከቆምሽ በኋላ የእጅ ፍሬን ሳቢ፣ ማርሽ አስገቢ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፓርክ ላይ አድርጊው። የጎን መስታወቶቹን እጠፊ። የመኪናሽ አላርም እንቅስቃሴ የሚያነብ ከሆነ አጥፊው፣ አለዚያ በሞገዱ ሲጮህ ይከርማል። ቀድመሽ ደርሰሽ ከኋላ የመጣው ቀድሞ ቢገባ ደግሞ አትናደጂ። የሚደለድሉት በክብደት ነው፤ መርከቡ ወደ አንድ ጎን እንዳያዘነብል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ ብሻገርስ? ለምንድን ነው የሚያስወጡን?

በጣም አጭር በሆነ መሻገሪያ የሚፈቅዱ አሉ። ረዘም ባለ የባሕር ጉዞ ግን ወለሉ ይቆለፋል። ምክንያቱም ይህ ወለል የመርከቡ ደካማ ጎን ነው። ከዳር እስከ ዳር ክፍት አዳራሽ ነው፤ ውሃ ከገባበት የሚያቆመው ግድግዳ የለም። ውሃው ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፣ መርከቡ ያዘነብላል፣ ያዘነበለው ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ያስገባል። ማርች 6 ቀን 1987 (እ.ኤ.አ.) ከቤልጂየሙ ዚብሩጅ ወደብ የተነሳው «ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የፊት በሩ ሳይዘጋ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ በጎኑ ተኛ። 193 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የበሩን መዘጋት ካፒቴኑ ካለበት ክፍል የሚያሳይ መብራት በዓለም አቀፍ ደንብ ግዴታ ሆኗል። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። «ውጡ» ሲሉህ ነገሩ ጨዋታ እንዳልሆነ እንድታውቅ ነው።

ስለዚህ ጃኬት፣ መድኃኒት፣ የልጅ ዳይፐር፣ ቻርጀር በትንሽ ቦርሳ ይዘህ ውጣ። እስኪደረስ ተመልሰህ አትገባም። የቆምክበትን ወለልና የደረጃውን ቁጥር በስልክህ ፎቶ አንሳ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔን ባሕር ያጥወለውለኛል። ምን ይሻለኛል?

እናቴ፣ መርከቡ መሐል፣ ዝቅ ካለው ወለል ላይ ይቀመጡ፤ መወዛወዙ የሚበረታው ጫፍና ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ከተቻለ ነፋስ ያለበት ቦታ ሆነው ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ይዩ። ስልክና መጽሐፍ ይቅርብዎት። ባዶ ሆድም ጥጋብም ጥሩ አይደለም። ክኒን ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት ነው የሚዋጠው፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። የግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ፋርማሲ ይጠይቁ። ብዙዎቹ ክኒኖች እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ስለዚህ የሚነዳው ልጅዎ እንዳይውጥ።

ጥያቄ፦ ዝናብ ከጣለ ፌሪው ይቀራል?

ዝናብ አያስቀረውም። የሚያስቀረው ነፋስና ሞገድ ነው። በባሕር ትንበያ የነፋስ ፍጥነት በኖት ይነገራል፤ 1 ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ከ34 እስከ 40 ኖት በቦፎርት (የነፋስ ጥንካሬ) መለኪያ 8ኛ ደረጃ ነው፣ ያ ከባድ ነፋስ ነው። ትንሽ ፌሪ ከዚያ በታችም ሊቀር ይችላል። አቅጣጫውም ወሳኝ ነው፤ ነፋሱ ቀጥታ ወደ ወደቡ አፍ ከሆነ ፀሐይ እየወጣም ጉዞ ይሰረዛል።

እና እባክህ፣ ከደሴቱ በምትመለስበት ዕለት አውሮፕላን አትያዝ። ቢያንስ አንድ ሌሊት መሐል ይግባ። ድርጅቱ ይክሰኛል ብለህም አትተማመን። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ጉዞው ከተሰረዘ ወይም መነሻው ከ90 ደቂቃ በላይ ከዘገየ ገንዘብህን ወይም ሌላ ጉዞ ማግኘት መብትህ ነው፤ ምክንያቱ አደገኛ የአየር ሁኔታ ከሆነ ግን የሆቴሉ ወጪ የራስህ ነው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ መኪናው የግድ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም! ደሴቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሆነና ማደሪያህ ከወደቡ ቅርብ ከሆነ መኪናውን ከመሳፈርህ በፊት እዚያው መነሻው ወደብ አቁምና በእግር ወይም በብስክሌት ግባ። ወጪው ይቀንሳል፣ የትኬት ጭንቀቱም ይቀላል። ሕፃን፣ መራመድ የሚቸገር ሰው ወይም ድንኳን ካለህ ግን መኪናውን ይዘህ ሂድ። ጨርሶ መኪና የማያስገቡ ደሴቶችም እንዳሉ አትርሳ። የግሪኳ ሃይድራ በእግርና በበቅሎ ነው፤ በአሜሪካ ሚሺጋን ያለችው ማኪናክ ደግሞ መኪና የከለከለችው ከ1898 ጀምሮ ነው። የኪራይ መኪና ከሆነ ውሉን አንብብ፤ ፌሪ ላይ መጫን የሚከለክሉ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ነዳጅ በጀሪካን ብይዝስ? የጋዝ ሲሊንደርስ?

ጀሪካኑን እርሳው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው። ይልቅ ከመሳፈርህ በፊት ታንከሩን ሙላ፤ ደሴት ላይ ማደያው አንድ ብቻ፣ ያውም በሳምንት መጨረሻ ዝግ ሊሆን ይችላል። የምግብ ማብሰያ ሲሊንደር ካለህ አሳውቅ፣ ቫልቩም ይዘጋ። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ቻርጅ አድርገህ ግባ።

ጥያቄ፦ ውሻ?

እንደ ድርጅቱ ነው። መኪና ውስጥ ብቻውን ይቆይ የሚሉም አሉ፤ ሙቀት ከሆነ እኔ አላደርገውም።

ጥያቄ፦ ደርሰን ስንወርድስ የምንጠነቀቀው ነገር አለ?

ማስታወቂያው ሲነገር ወደ መኪናህ ውረድ፣ ሞተር ግን እስኪፈቀድልህ አታስነሳ፤ የተዘጋ ወለል ጭስ ይይዛል። ባሕሩ ሲጎድል መውጫው ቀጥ ያለ ዳገት ስለሚሆን ዝቅ ያለ መኪና ሆዱን ይፍቃል፣ ቀስ በል። ከወጣህ በኋላ መንገዱ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ሰልፉ ውስጥ ከመጋፋት ወደቡ አጠገብ ዳር ያዝና ለአሥር ደቂቃ ያህል ቁም። የደሴቱ ሰዎች ወደ ቤታቸው ይሮጣሉ፤ ይለፉህ።